የት አስቀመጥሽው?

በኮምፒውተር የሚጽፍ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ከገጹ ራስ ላይ በግራ በኩል የተቀመጠች ትንሽ አራት ማዕዘን ሥዕል ናት፤ አንዱ ጥጓ ሸረፍ ያለ፣ ከላይ እንደ መስኮት መዝጊያ ያለ ነገር ያላት፣ ከታች ነጭ ወረቀት የተለጠፈባት። እሷን ሲጫኗት የጻፉት ይቀመጣል። ማስቀመጧን የማያውቅ የለም። እሷ ራሷ ምን እንደሆነች የሚያውቅ ሰው ግን በዚህ በመንዝ ምድር ፈልጌ አላገኘሁም።

እኔ ደግሞ ሳይገባኝ ያለፈ ነገር ያሳክከኛል። ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። ልጄ አንደኛ ክፍል ስትገባ እኔም በማታው ገባሁ፤ የቤት ሥራዬን የምታርምልኝ እሷ ነበረች፣ ስሳሳትም እንደ መምህሯ በዓይኗ ትገርፈኝ ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው ዘግይቶ ማዕድ እንደ ቀረበ ሰው ነው፤ ሌላው ጠግቦ የተወውን ሁሉ ሳይጠርግ አይነሣም።

ኮምፒውተር የተማርኩት በጥቁር ሰሌዳ ነው። ትምህርት ቤቱ የነበረው አንድ ኮምፒውተር በርእሰ መምህሩ ቢሮ ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ ተቆልፎበት ስለሚውል፣ መምህራችን ገጹን በጠመኔ ይስልልንና በተራ እየወጣን ሥዕሎቹን በጣታችን እንጫን ነበር። ጣቱ ላይ ጠመኔ ያልተገኘበት ተማሪ አልተጫነም ተብሎ ይመለሳል። ታዲያ ያችን አራት ማዕዘን ስጫን ምንድን ናት ብዬ ጠየቅኩ። ፍሎፒ ትባላለች፣ ድሮ ፋይል የሚቀመጥባት ስስ ነገር ናት አለኝ። አሁንስ ይቀመጥባታል? አይ፣ ቀርታለች። ታዲያ በቀረች ነገር ላይ እንዴት እናስቀምጣለን? መምህሩ የእጁን ጠመኔ አራገፈና፣ «እቴ፣ ይሄ ለፈተና አይመጣም» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ሳስተውል ሥዕሎቹ ሁሉ የሙታን መታሰቢያ ናቸው። ስልካችን ላይ ለመደወያ የተሣለው ባለ እጀታው ስልክ ከየቤቱ ከወጣ ቆይቷል። የመልእክት ምልክቱ ፖስታ ነው፤ ልጄ ግን ፖስታ የምታውቀው ሰው ሠርግ ላይ ይዞት ሲገባ ነው። ኮምፒውተሩ ጠብቁ ሲል የሚገለባበጠው የአሸዋ ሰዓት ደግሞ እኛ አገር ከመጀመሪያውም አልደረሰም፤ እኛ ዘንድ የሚገለባበጠው ጠባቂው ራሱ ነው። የሆነው ሆኖ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያሉትን ቅዱሳንም በዓይናችን አላየናቸውም፣ ግን እንሳለማቸዋለን። ፍሎፒም እንደዚያው ናት ብዬ ተጽናናሁ፤ ያያት የለም፣ የማይሳለማት የለም።

ተሳስቻለሁ። የሚሳለማትም የለም።

ይህን ያወቅኩት ሞላሌ በሚገኝ አንድ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ከተቀጠርኩ በኋላ ነው። መጽሐፋችን ጥቂት፣ ላፕቶፓችን አንድ፣ ጸጥታችን የትየለሌ ነው። በየቢሮው ያሉ ሰዎች ጽሑፍ አርሚልን እያሉ ስለሚጠሩኝ፣ ሰው ፋይሉን እንዴት እንደሚያስቀምጥ እየዞርኩ አየሁ። አንዱ ጽፎ ሲጨርስ ገጹን በስልኩ ፎቶ ያነሣና ኮምፒውተሩን ትቶት ይሄዳል። ሌላዋ ኮምፒውተሩን ጨርሶ አታጠፋውም፤ ነጠላዋን ታለብሰውና ውስጡ ሥራ አለ እንዳትነኩት ብላ ምሳ ትወጣለች፣ ልክ ሊጥ እንደ ከደነ ሰው። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ፋይሉን ሁሉ በመክፈቻው ገጽ ላይ ይደረድረዋል። ከጀርባ ያደረገው የልጁ የክርስትና ፎቶ ነበር፤ መጀመሪያ እግሩ፣ ቀጥሎ ሆዱ ተሸፈነ፣ ዛሬ ከሕፃኑ የሚታየው አንድ ጆሮ ብቻ ነው። የስም አወጣጣቸውም ለብቻው ጉድ ነው፦ ሪፖርት፣ ሪፖርት የመጨረሻ፣ ሪፖርት የመጨረሻ የታረመ፣ ሪፖርት እውነተኛው የመጨረሻ።

አብዛኛው ሰው ግን ፋይሉን ለሰው ይሰጣል። በቴሌግራም ለወዳጁ ይልክና እዚያው ይቆይልኝ፣ አደራ ይለዋል። ወዳጁም ሳይከፍተው ያቆይለታል። በጉን ጎረቤት መንጋ ውስጥ ጨምሮ አገር ለአገር ሲዞር የኖረ ሕዝብ፣ ፋይሉንም እንደዚያው ቢያደርግ ምን ይገርማል።

እኔ ግን እንደ ደንቡ ነበርኩ። በአቃፊ ውስጥ አቃፊ፣ በአቃፊው ውስጥ ዓመተ ምሕረት፣ በዓመቱ ውስጥ ወር። ፍሎፒዋንም በየአንቀጹ ማብቂያ እጫናት ነበር። አብራኝ የምትሠራው ትዕግሥት ወጣት ናት፤ ሁሉን ነገር በስልኳ የምትጨርስ። «እትዬ፣ እርስዎ እኮ ፋይል አያስቀምጡም፣ ይቀብራሉ» ትለኛለች።

ጋሽ ላቀው ወደ እኔ የመጡት ይህን ዝናዬን ሰምተው ነው።

ጋሽ ላቀው ጡረታ የወጡ የእህል መጋዘን ኃላፊ ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ልጆቻቸው አዲስ አበባ ናቸው። በሥራ ዘመናቸው ከመጋዘኑ አይጥ እንኳ ያለ ደረሰኝ እህል አላወጣም እየተባለ ይቀለድባቸዋል። አንድ ቀን ከቀብር መልስ ተቆጥተው ገቡ። የሟቹ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ለተቸገረ ደራሽ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ሰው አክባሪ ተብሏል። ሟቹ በሕይወት ሳሉ የጎረቤት ዶሮ በደጃቸው አያሳልፉም ነበር። ጋሽ ላቀውን ያስቆጣቸው ግን ውሸቱ አይደለም። ከዚያ በፊት ያረፉትም፣ ከነሱ በፊት ያረፉትም በዚያው ቃል ነው የተሸኙት፤ አንድ ወረቀት ስሙ እየተቀየረ ለአገሩ ሁሉ ይነበባል። «የሌላ ሰው ታሪክ ተነብቦብኝ አልቀበርም» አሉኝ። ልጆቻቸው ያንኑ ወረቀት እንደሚያስገለብጡ አይጠራጠሩም፤ ስለዚህ በቁማቸው ራሳቸው ሊያጽፉ መጥተዋል።

ሁለት ነገር ቃል አስገቡኝ። ካሉት ላይ አንድ ቃል እንዳልጨምር፣ አንድ ቃል እንዳልቀንስ፤ ደግሞም እሳቸው ሳይሞቱ ማንም ሰው ዓይኑን እንዳያሳርፍበት። በቁሙ ታሪኩ የተነበበበት ሰው የአገር መሳቂያ ነው አሉ። ቃሌን ሰጠሁ። የእኔ ነገር ይታወቃል፤ ተውሼ የወሰድኩትን መርፌ ከነክሩ የምመልስ ሰው ነኝ።

በየከሰዓቱ እየመጡ ያጽፉኝ ጀመር። ደንበኛውን ቃል ላቀብላቸው ብዬ፣ ለተቸገረ ይደርሱ ነበር ልበል እላለሁ።

«ሲለምኑኝ እሰጥ ነበር። ሳልለመን የሰጠሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። እንደሱ በይ።»

እንደሱ አልኩ። ቁጣቸውን አስጻፉ። የሚዛን ዓይናቸውን አስጻፉ። ሚስታቸው የሠሩትን ወጥ አንድም ቀን ሳያመሰግኑ እንደቀሩ አስጻፉ፤ እዚያ ላይ ትንሽ ሳል ያዛቸው። አጀማመሩን ግን እንደ ወጉ አደረጉት። «አቶ ላቀው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል» ብዬ ስጽፍ ከጎኔ ሆነው በመነጽራቸው አዩትና፣ ጥሩ ነው፣ ግልጽ ነው አሉ።

ከእህት ወንድም ላይ ስንደርስ ቆሙ። ሞላሌ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን እኔም አውቃለሁ፤ ዓለም ከተማ የሚኖሩ አቶ እሸቴ የሚባሉ ታናሽ ወንድም አሏቸው። የጋሽ ላቀው ሚስት ሲያርፉ አቶ እሸቴ አልመጡም። ለቀብሩም፣ ለሠልስቱም፣ ለአርባውም አልመጡም። በእኛ አገር ሠርግ የቀረ ሰው ይታማል፤ ልቅሶ የቀረ ሰው ግን ከዘር ይፋቃል።

«ወንድም የላቸውም በይ» አሉኝ።

ይህ ትክክል አይደለም፣ ሰዉ ሁሉ ያውቃል ብዬ ተከራከርኩ። ታሪኩ የማን ነው ብለው ጠየቁኝ። የእርስዎ ነው አልኩ። ይበሉ እንግዲያ አሉኝ፣ በአክብሮት፤ ሲያኮርፉ እርስዎ ይሉኛል። የማላምንበትን ዓረፍተ ነገር ጽፌ፣ ነጥቡን አድርጌ ፍሎፒዋን ተጫንኩ።

ይህን ጊዜ ነው ያንን ጥያቄ የጠየቁኝ። «የት አስቀመጥሽው?»

ሥዕሏን አሳየኋቸው። ምንድን ናት አሉ። ፍሎፒ ትባላለች፣ አሁን የለችም አልኩ። መነጽራቸውን አወለቁ። «የሌለች ዕቃ ውስጥ ነው ዕድሜዬን ያስገባሽው?» አይደለም፣ ምልክቷ ነው እንጂ የተቀመጠው ላፕቶፑ ውስጥ ነው ብዬ አቃፊ በአቃፊ እየከፈትኩ አደረስኳቸው። ቦታውን ካዩ በኋላ በመጋዘን ኃላፊ ድምፅ፣ ይህ ዕቃ አንድ ቀን ቢቃጠልስ፣ እህል እንኳ በአንድ ጎተራ አይቀመጥም፣ ሁለተኛ ቦታ ፈልጊለት ብለውኝ ወጡ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፣ የሚሠራው ተሰክቶ ነው፤ መብራት ደግሞ እኛ ዘንድ እንደ እንግዳ ነው፣ ሲመጣ ደስ ይላል፣ ሲሄድ አይሰናበትም። ስለዚህ ሰውዬው እውነታቸውን ነው።

ትዕግሥትን አማከርኳት። ለራስዎ ይላኩት አለችኝ፤ በቴሌግራም የራስ ማስቀመጫ አለ፣ ለራስዎ ልከው ራስዎ ይቀበላሉ። ለራሱ ደብዳቤ የሚልክ ሰው ድሮ ጠበል ይወሰድ ነበር አልኳት። ሳቀች። ግን ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ? ፋይሉን በገመድ ወደ ስልኬ አሻገርኩት፤ የዚያኑ ዕለት አመሻሽ ላይ ከእራት በፊት ቁጭ ብዬ ለራሴ ላክሁ።

እዚህ ላይ ስለ እድራችን አንድ ነገር ልናገር። ድሮ ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋ ነበር። አሁን ጡሩምባው ቀርቶ የቴሌግራም ቡድን ተከፍቷል፤ የእድሩ ሊቀመንበር አቶ መንገሻ ለቡድኑ ምልክት ያደረጉት ግን የጡሩምባ ሥዕል ነው። ልጄ ጋዝ መቅጃ ይመስላታል። በቡድኑ ሕግ መርዶ ከተላለፈ በኋላ ድንኳን ተከላ የቀረም የዘገየም ይቀጣል፤ ስለዚህ ሰዉ አርዕስቱን ያያል እንጂ ውስጡን አይከፍትም። ለመክፈት ካርድ ይቆጥራል፣ ለመቅረት ቅጣት አለ። ይህ ጡሩምባ በስልኬ ላይ ከራሴ ማስቀመጫ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው። ምን ልበላችሁ፣ ጣቴ የቡድኑን ሥዕል ነካ።

ፋይሉ የዚያን ሰዓት ቢሄድ ኖሮ ወዲያው አየው ነበር። ግን ኔትወርክ አልነበረም። ከፋይሉ ጎን አንዲት ትንሽ የግድግዳ ሰዓት መጣችና መዞር ጀመረች። ዞረች፣ ዞረች። ሽሮዬ ሊያር ሆነ። ለራስ የተላከ ዕቃ ቢዘገይ ማን ይጠይቀኛል ብዬ ስልኩን ትራሴ ሥር አድርጌ ተነሣሁ።

ፋይሉ ኔትወርክ ያገኘው ጎሕ ሲቀድ ነው።

ጠዋት ደጄን ስከፍት ሰዎች የድንኳን ብረት ተሸክመው ወደ ላይ ይሮጣሉ። ማን ሞተ አልኩ። ጋሽ ላቀው አሉኝ። ትናንት ያጽፉኝ ነበር እኮ። አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው፤ ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለበስኩ። በልቅሶዬ መካከል ግን አንድ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ፦ ታሪካቸውን ማጠናቀቄ እንዴት ያለ መታደል ነው። ቃሌ ዛሬ ተፈጸመ ብዬ በቤተ መጻሕፍቱ በኩል ሄጄ ላፕቶፑን በብብቴ ሸጉጬ ወደ ልቅሶው ገሰገስኩ። ትዕግሥት ከኋላዬ እያለቀሰች ትከተለኛለች።

ድንኳኑ በጋሽ ላቀው ግቢ ተተክሏል። ቤቱ ተቆልፏል። ሴቶቹ የንፍሮውን ድስት ጥደዋል። አንዱ ጎረቤታቸው እንባውን እየጠረገ፣ ዛሬ ጠዋት እንኳ ወደ ገበያ ሲሄዱ በደኅና ሰላም ብለውኝ ነበር፣ ሰው ከንቱ ይላል። የሰማው ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ ያዝናል። ጠዋት ሰላም ያለ ሰው በሌሊት ሊሞት እንደማይችል የሚያስብ አንድም አልነበረም፤ እኔን ጨምሮ። በቡድኑ ላይ መርዶ ተላልፏል፣ መርዶ ደግሞ መርዶ ነው። አልቃሿ ወይዘሮ፣ «ቁልፉን ለማን ሰጠኸው፣ የመጋዘኑ ጌታ» እያሉ ያወርዱታል።

አቶ መንገሻ ሲያዩኝ ሰውን ገፋ አድርገው መጡ። መርዶውን የላክሽው አንቺ ነሽ፣ አስከሬኑ የት ነው ያለው አሉኝ።

ምን ላክሁ አልኩ። ስልካቸውን አዙረው አሳዩኝ። ከጡሩምባው ሥር «የአቶ ላቀው የሕይወት ታሪክ የመጨረሻ» ይላል፤ የሰው ስም አወጣጥ ስተች፣ እኔም ለካ የመጨረሻ ብዬ ሰይሜዋለሁ። ከጎኑ የእኔ ስም። ከሥሩ ነፍስ ይማር፣ ነፍስ ይማር፣ ነፍስ ይማር፣ ሻማ፣ የተጋጠሙ እጆች፣ እንደገና ሻማ።

አፌን ልከፍት ስል ጋሽ ላቀው በግቢው በር ገቡ። ከገበያ መመለሳቸው ነው፤ በአንድ እጃቸው የበግ ገመድ፣ በሌላው አሞሌ የምታህል የሳሙና ጥቅል ይዘዋል። በር ላይ አጎንብሶ ካስማ የሚመታውን ሰው ማን ነው የሞተው ብለው ጠየቁት። ሰውዬው ቀና ሳይል፣ ጋሽ ላቀው አላቸው።

«ነፍስ ይማር» አሉ ጋሽ ላቀው። ከዚያ ጥቂት አሰቡና፣ «የቱ ላቀው?»

አልቃሿ ዜማቸውን ከአፋቸው ላይ ዋጡት። ጋሽ ላቀው ድንኳኑን አዩ፣ ድስቱን አዩ፣ አቶ መንገሻን አዩ፤ በመጨረሻ እኔ ብብት ውስጥ ያለውን ላፕቶፕ አዩ። ሰውዬው ሒሳብ ለመዝጋት ጊዜ አይፈጅባቸውም።

«የት አስቀመጥሽው ብዬሽ ነበር።»

እጄን ወደ ሕዝቡ ዘርግቼ፣ እዚህ ሁሉ አልኩ።

ወዲያው ስልኬን አውጥቼ ላጠፋው ተነሣሁ። ከፋይሉ ላይ ያለችውን የቆሻሻ ቅርጫት ሥዕል ተጫንኩ። አንድ ጥያቄ መጣ፤ በጥድፊያ ሳላነብ እሺ አልኩት። ፋይሉ ጠፋ። ትዕግሥት በትከሻዬ አሻግራ አየችና፣ «እትዬ፣ ያጠፉት እኮ ከራስዎ ስልክ ላይ ብቻ ነው» አለችኝ። እንዲህም ሆኖ ከእድሩ አባላት ሁሉ የጋሽ ላቀው ታሪክ የሌለኝ እኔ ብቻ ሆንኩ።

አቶ መንገሻ ተጨነቁ። የእድሩ ደንብ ለቀረ ቅጣት አለው፣ ለዘገየ ቅጣት አለው፤ ሳይሞት ለተገኘ ሟች ግን አንቀጽ የለውም። የተቀቀለ ንፍሮ ወደ ማድጋ አይመለስ፣ የተተከለ ድንኳን ሰው ሳይቀመጥበት አይነቀል። ስለዚህ ተቀመጥን። ጋሽ ላቀው በገዛ ልቅሷቸው መሐል ተቀምጠው በገባው ሁሉ እግዜር ያጽናዎት እየተባሉ እግዜር ይስጥልኝ ይመልሳሉ። ሰው ንፍሮውን እየቆረጠመ፣ እስካሁን ያልከፈተውን ፋይል አሁን ከፈተው። ለካርዱ የሚሳሳ አልተገኘም። አንዱ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ሳልለመን አልሰጠሁም የሚለው ላይ ሳቁ። የወጡ ነገር ላይ ሴቶቹ ወደ ድስቱ ዞሩ። ጋሽ ላቀው ቀና ብለው ያዳምጣሉ፤ የሚያፍርበት ነገር እንደሌለው ሰው።

«ወንድም የላቸውም» አለ አንባቢው።

ማንም አልሳቀም። ጋሽ ላቀው የንፍሮ ሳህናቸውን መሬት ላይ አኖሩና መሬት መሬት ያዩ ጀመር። ሰው እያሳበበ መውጣት ያዘ። ድንኳኑ ከሰዓት ሳይደርስ ተነቀለ። እኔ ልሰናበታቸው ቀርቤ እጄን ብዘረጋ፣ «ደኅና ይዋሉ» አሉኝ። እርስዎ።

ቢሰድቡኝ በወደድኩ። አንድ ሰው ሕይወቱን አምኖ ሰጥቶኝ በገበያ መሐል ዘረገፍኩት። በማግስቱ ብሄድ በሩን አልከፈቱልኝም። ሠልስት ሊሆን በሚገባው ቀን ላፕቶፑን ይዤ እንደገና ሄድኩ። ሌላ ምን ይዤ እንደምሄድ አላወቅኩም። ከደጃቸው መደብ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ተቀመጪም ሂጂም አላሉኝም። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

በዚህ መሐል ከአጥሩ ውጭ የሰው ለቅሶ ሰማን። ወንድሜን፣ ወንድሜን እያለ የሚቀርብ የወንድ ድምፅ። በግቢው በር ጋቢያቸውን ያደገደጉ፣ እስከ ቅልጥማቸው አቧራ የለበሱ ሽማግሌ ገቡ። ከዓለም ከተማ ሞላሌ ለአሞራ ጎረቤት ነው፤ ለሰው ግን በደብረ ብርሃን የሚዞር መንገድ ነው። ሰውዬው መደቡን ሲያዩ ለቅሷቸው እንደ ተቋረጠ መብራት ድርግም አለ።

«አልሞትክም?» አሉ አቶ እሸቴ።

«አልሞትኩም።»

አቶ እሸቴ ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ጫማቸውን አውልቀው ጠጠሩን አራገፉ። መልሰው አጠለቁት። እኔ ልነሣ ስል ጋሽ ላቀው ሳያዩኝ በእጃቸው ተቀመጪ አሉኝ።

አቶ እሸቴ ነገሩን ቀስ ብለው ተናገሩት። ከእድሩ ሰዎች አንዱ ዓለም ከተማ ላለ ዘመዱ ፋይሉን አስተላልፎታል፤ ዘመዱ እቤታቸው ድረስ መጥቶ አነበበላቸው። እሳቸው የያዙት ስልክ ቁልፎቿ የተላጡ ናት፣ ከመደወል በቀር አታውቅም። አንብቦ ሳይጨርስ ተነሥተው መኪና ፍለጋ ወጡ። «ሚስትህ ስትሞት መርዶ ነጋሪ አልላክህልኝም» አሉ። «ገበያ የመጣ ሰው ነው የነገረኝ፤ ያኔ አርባዋ አልፏል። በምን ዓይኔ ልምጣ? አሁን አንተ ሞትክ ሲሉኝ ግን መጣሁ።»

ጋሽ ላቀው አገጫቸውን ያዙ። መርዶ ነጋሪ ተልኮ እንደሆነ ማስታወስ የሞከሩ ይመስላሉ። ደረሰኙን ያጡት መሰለኝ።

«ወረቀቱ ወንድም የለውም ይላል» አሉ አቶ እሸቴ።

«ይላል።»

«እኔ ታዲያ የማን ነኝ?»

ጋሽ ላቀው ወደ እኔ ዞሩ። «ያ ዕቃሽ ይሠራል?» ብለው ጠየቁኝ። አንቺ ብለውኛል። ገመዱን በመስኮት አሻግሬ ሰካሁ፤ ደግነቱ መብራት ነበረች። ያቺን ዓረፍተ ነገር አስጠፉኝና በመጋዘን ቋንቋ አጻፉኝ፦ አንድ ወንድም አላቸው። አቶ እሸቴ ይባላሉ። ዓለም ከተማ ይኖራሉ። ነጥብ።

አቶ እሸቴ አንብቢልኝ አሉ። አነበብኩ። ድገሚው፣ እንዳይጠፋኝ በቃሌ ልያዘው አሉ። ደገምኩ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው እሳቸው አሉት፤ «አንድ ወንድም አላቸው፤ አቶ እሸቴ ይባላሉ፤ ዓለም ከተማ ይኖራሉ፤ ልቅሶ ከሰሙ የማይቀሩ ሰው ናቸው።»

የመጨረሻውን እኔ አልጻፍኩትም። ጋሽ ላቀውን አየሁ። ለአንዲት ቃል ስንት ገጽ ያስገለበጡኝ ሰው ናቸው። እሳቸው የወንድማቸውን ጫማ አቧራ ያያሉ።

«ከሰሙ» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ለእኔ፣ «እንዳለው ጻፊው።»

ጻፍኩት። ለማን ልስጠው፣ የት ላኑረው ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ለእድሩ ላኪው።»

«ጋሽ ላቀው፣ እንደገና ድንኳን ይዘው ይመጣሉ።»

«ይምጡ። እሸቴ ንፍሮ አልቀመሰም።»